ከመስክ መዝገብ እስከ ካርታ፦ ቪቶሪዮ ቦቴጎና የደቡብ ቆላ ወንዞች አነዳደፍ

መግቢያ

በኮምፒዩተር የታገዘ ንድፍ መማር የሚጀምር ተማሪ ቀድሞ ከሚሠራቸው ልምምዶች አንዱ አሮጌ ካርታን በስካነር አስገብቶ በላዩ ላይ መስመር መሳብ ነው። አውቶካድና መሰል ሶፍትዌሮች የእያንዳንዱን ነጥብ መጋጠሚያ ከነጥብ በኋላ በብዙ አሃዝ ያሳያሉ። የመጀመሪያው መስመር በምን መሣሪያ፣ በምን ሁኔታና ለምን ዓላማ እንደተለካ ግን አይናገሩም። ጀማሪው የስክሪኑን ትክክለኛነት ከመሬቱ ትክክለኛነት ጋር የሚያምታታው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጌሌ ቦረና የምትገኘው በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ነው። የሁለቱን ወንዞች አካሄድ በአውሮፓ ካርታዎች ላይ በሰፊው ካሰፈሩት ሰዎች መካከል ቀዳሚ ስፍራ የሚይዘው ጣሊያናዊው መኮንን ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። ይህ ጽሑፍ የቦቴጎን ሕይወት ከንድፍ ሥራው አንጻር ይመረምራል፤ አንድ መስመር ከመስክ መዝገብ ተነሥቶ ካርታ፣ ቀጥሎም የድንበር ጥያቄ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል።

ከመድፈኛ መኮንንነት ወደ አሳሽነት

ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1860 በፓርማ ተወለደ። በመድፈኛ ጦር መኮንንነት ካገለገለ በኋላ በ1887 ወደ ኤርትራ መጣ። በዚያ ዘመን ጣሊያን ከቀይ ባሕር ጠረፍ ወደ ውስጥ ለመስፋፋት ትጥር ነበር፤ አሰሳና ወረራም ተነጣጥለው አይታዩም ነበር።

በ1892 የጁባን ወንዝ መነሻ ለመፈለግ ከካፒቴን ማቴዮ ግሪክሶኒ ጋር ከበርበራ ተነሣ። ግሪክሶኒ በ1893 መጀመሪያ ላይ ጓዱን ጥሎ ቢመለስም ቦቴጎ ጉዞውን ቀጠለ። የገናሌን የላይኛውን ክፍል ከመረመረና የዳዋን አካባቢ ካየ በኋላ በሉግና በባርደራ በኩል ወርዶ በመስከረም 1893 ብራቫ ደረሰ። የጉዞውንም ውጤት በ1895 በመጽሐፍ አወጣ። ጉዞው የሰላም ጉዞ አልነበረም፤ በአገሬው ሰዎችም ሆነ በራሱ ተከታዮች ላይ ኃይል ይጠቀም እንደነበር ይታወቃል።

የመስክ ልኬትና ስሕተቱ

በዘመኑ የአሳሽ ካርታ የሚጀምረው ከመንገድ ልኬት ነበር። ተጓዡ አቅጣጫውን በኮምፓስ፣ ርቀቱን በእርምጃ ወይም በጉዞ ሰዓት ይመዘግባል፤ በየሰፈሩ ደግሞ ፀሐይን ወይም ከዋክብትን በመለካት መዝገቡን ያርማል። ኬክሮስን ከፀሐይ ወይም ከኮከብ ከፍታ ማግኘት ይቻል ነበር። ኬንትሮስ ግን በትክክል የሚሄድ ሰዓት ይጠይቃል። የ4 ሴኮንድ ስሕተት 1 የቅስት ደቂቃ ኬንትሮስ ያዛንፋል፤ ይህም ከምድር ወገብ አጠገብ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዓቱ በ1 ደቂቃ ቢሳሳት ነጥቡ ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሸሻል። ለወራት በበቅሎና በግመል ጀርባ የተንገላታ ሰዓት እንዲህ መሳሳቱ አያስገርምም።

ከፍታም በባሮሜትር ወይም የውሃን መፍያ ሙቀት በመለካት ይገመት ነበር። ውሃ በየ300 ሜትሩ ከፍታ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚፈላ፣ የአንድ ዐሥረኛ ዲግሪ የንባብ ስሕተት 30 ሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል። እንዲህ ያለውን ካርታ በሶፍትዌር መልሶ መንደፍ መስመሩን ያጠራዋል እንጂ ልኬቱን አያርመውም።

ሁለተኛው ጉዞ

በጥቅምት 1895 ቦቴጎ 250 ያህል አስካሪዎችን ይዞ ከብራቫ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር፤ የባሕር ኃይል መኮንኑ ላምቤርቶ ቫኑቴሊ የሥነ ፈለክና የጂኦግራፊ ልኬቱን ሲይዝ፣ ካርሎ ቺቴርኒና ማውሪሲዮ ሳኪም አብረውት ነበሩ። ጓዱ ሉግ ላይ ጣቢያ ካቋቋመ በኋላ የዳዋን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ቦረና ምድር ገባ።

በመጋቢት 1896 የዐድዋ ጦርነት ሲካሄድ ጓዱ በደቡብ በጉዞ ላይ ስለነበር የጣሊያን ሽንፈት ዜና አልደረሰውም። ቦቴጎ ወደ ዐባያና ጫሞ ሐይቆች ደረሰ፤ ከዚያም ኦሞን ተከትሎ በነሐሴ መጨረሻ ዛሬ ቱርካና ከሚባለው ሐይቅ ወጣ። በዚህም ኦሞ ወደ ዓባይ ይፈስሳል ወይስ ወደ ሐይቁ የሚለው የዘመኑ የሊቃውንት ክርክር ተዘጋ።

ለጉዞው የተከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር። ሳኪ በመመለስ ላይ ሳለ በ1897 መጀመሪያ ተገደለ። ቦቴጎ ራሱ በመጋቢት 1897 በወለጋ ዳጋ ሮባ ላይ በተደረገ ውጊያ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 36 ዓመት ነበር። ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው ቆይተው ተለቀቁ፤ የሁለተኛውን ጉዞ ውጤት በ1899 አሳትመው ለንባብ ያበቁትም እነርሱ ናቸው።

ከካርታ ወደ ድንበር

በካርታው ላይ ከልኬት ስሕተት ሌላ የስያሜ ምርጫም ነበረበት። ቦቴጎ ዐባያን በንግሥት ማርጌሪታ፣ ጫሞን ቀደም ሲል በዚያው አቅራቢያ በዝሆን በተገደለው በኤውጄንዮ ሩስፖሊ ስም ጠራቸው። ገናሌም በጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት በጃኮሞ ዶሪያ ስም ገናሌ ዶሪያ ተባለ። እነዚህ ስሞች በአውሮፓ ካርታዎች ለብዙ ዘመን ሲታተሙ፣ የአገሬው ሰው ዐባያ፣ ጫሞና ገናሌ ማለቱን አልተወም።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ቦረናን በምኒልክ አስተዳደር ሥር ካደረጉ በኋላ ካርታና ድንበር ይበልጥ ተቆራኙ። በደቡብ በኩል የእንግሊዙ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ በ1902 እና በ1903 የቀየሰው መስመር ለ1907ቱ ስምምነት መነሻ ሆነ። ስምምነቱ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሕዝቦች እንደ ቀድሞው በወዲያኛው ወገን ግጦሽ መጠቀም እንዲችሉ ፈቀደ፤ በወረቀት ላይ ያለው መስመር ከከብት አርቢው ኑሮ ጋር እንደማይገጥም ተዋዋዮቹ ያውቁ ነበርና። በምሥራቅ ደግሞ የ1908ቱ የኢትዮጵያና የጣሊያን ስምምነት መስመሩን ዳዋና ገናሌ ከሚገናኙበት ከዶሎ አስጀመረ። በ1910 እና በ1911 በጣሊያን በኩል የወሰን ተልእኮውን የመራው ከቦቴጎ ጋር የተጓዘው ቺቴርኒ ነበር። ያም ሥራ የድንበሩን ከፊል ብቻ አመላከተ፤ የቀረው ለቀጣዮቹ ዘመናት ክርክር ተላለፈ።

ማጠቃለያ

የቦቴጎ ሕይወት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል በውስን መሣሪያ የወንዞችን ትስስር ያብራራ ሥራ አለ፤ በሌላ በኩል ያ ሥራ የታጠቀ ጓድ ሥራ ነበር፤ ለቅኝ ግዛት ፍላጎትም ዕውቀት አቅርቧል። ዛሬ የነጌሌን፣ የዶሎን ወይም የሞያሌን አካባቢ በካድ የሚነድፍ ጀማሪ ሁለቱንም ገጽ ማወቅ ያስፈልገዋል። በተግባር ሲታይም ከአሮጌ ካርታ የተቀዳውን መስመር በራሱ ሌየር ለይቶ ማስቀመጥ፣ ምንጩንና ዓመቱን መመዝገብ፣ በመስክ ከተለኩ አዳዲስ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ጋር ማመሳከር፣ የአገሬውንም ስያሜ ማስቀደም ይገባዋል። ይህ ካልተደረገ ከመቶ ዓመት በፊት በተሳሳተ ሰዓት የተተከለ ነጥብ፣ ዛሬ የአንድን መንደር የውሃ ጉድጓድ ከወሰኑ ወዲህ ወይም ወዲያ የሚያደርግ እውነት መስሎ በስክሪን ላይ ይቀመጣል።