ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ

በአውቶቡስ ተራ የተሸካሚውን ጀርባ ያጎበጠውን ጭነት ሳይ፣ የዚህ ድካም ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ትዝ ይሉኛል።

በ1878 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ተሸሽገው ሄዱ፤ ኦስትሪያዊ ባለጸጋ አሳደጋቸው፤ በርሊን ሕክምና ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ግን ከሰው ገላ ይልቅ የንግድን ሕመም መረመሩ፤ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹምም ሆኑ። ዕውቀት ያነሰው ሕዝብ ከዐዋቂው ጋር ሲነግድ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ሥራ እንደሚለውጥ አስረዱ። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው ዐረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነው።

ልክ በ100 ዓመቱ የአውሮፓ ኅብረት ታላላቅ ኩባንያዎች ዕቃ በሚያስመጡበት አገር በሠራተኛና በተፈጥሮ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት እንዲጠየቁ ደነገገ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን የሚጸናበትን ቀን አራዘመ። ነጋድራሱ ተስፋቸውን የጣሉት በባዕድ ገበያተኛ ቸርነት ሳይሆን በገዛ ሕዝባቸው ትምህርት ላይ ነበር።