ዘር ሰብሳቢው ቫቪሎቭና የመቱ የጓሮ ቡና

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዩ አካባቢ የገበሬው ጓሮ ከቤቱ ደጃፍ ይጀምራል። ቡናው ከኮሮሪማው፣ ከጎደሬውና ከጌሾው ጋር በዋንዛ ጥላ ሥር ይቆማል። ዛፎቹ በቅርብ ሲታዩ ግን ይለያያሉ። የአንዱ ቅጠል ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ይቀላል፣ ሌላው ይዘገያል፤ በሽታ ሲገባም አንዱ ፍሬውን ሲያረግፍ ጎረቤቱ ጤነኛ ሆኖ ይቆማል። እንዲህ ያለው የዓይነት ብዛት የሰው ልጅ የወደፊት እንጀራ መጠባበቂያ መሆኑን አጥብቀው ካስረዱት ሊቃውንት መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሱት ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ናቸው። ቫቪሎቭ ኢትዮጵያን ጎብኝተዋል፤ ኢሉባቦርን ግን ለማየት አልታደሉም።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ተወለዱ። አባታቸው ከገበሬ ቤተሰብ የወጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጅየው ንግዱን ትተው በሞስኮ የእርሻ ትምህርት ተቋም ገቡ። ለመመረቂያ ያቀረቡት ጽሑፍ የጓሮ አትክልትና የማሳ ሰብል ስለሚበሉ ቀንድ አውጣ መሰል ተባዮች ነበር። ነገሩ ለታላቅ ሊቅ ጅማሬ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ የጎመን መደቡ በአንድ ሌሊት የተበላበት ገበሬ ግን እንዲህ አይልም።

ከምረቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ሄደው ስለ ዘር ውርስ ተማሩ። ዋና ጥያቄያቸው ያደረጉትም አንዳንድ ስንዴ በዋግ ሲመታ ሌላው ስለምን ይተርፋል የሚለውን ነው። መልሱ በአብዛኛው ከዘሩ እንደሚመጣ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ በሰሜን ኢራን የሠፈሩ የሩሲያ ወታደሮች እንጀራ በበሉ ቁጥር ራሳቸውን እየሳቱ ስለ ታመሙ ምክንያቱን እንዲያጣሩ ተላኩ። የደረሱበት ምክንያት የእኛ ገበሬ በሚገባ የሚያውቀው እንክርዳድ ነበር፤ በሻጋታ የተበከለ እንክርዳድ ከስንዴው ጋር ተፈጭቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቫቪሎቭ ሕይወት ጉዞ ሆነ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1921 በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለው ከተማ፣ የእፅዋት ምርምር ድርጅትን መሪነት ያዙ። አፍጋኒስታንን፣ የሜዲትራኒያን አገሮችን፣ ቆይተውም ደቡብ አሜሪካን ዞረው ዘር ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ ሲደርሱ ራስ ተፈሪ ተቀብለው በአገሪቱ ውስጥ እንዲዘዋወሩ ፈቀዱላቸው። በበቅሎ ጓዝ ተጉዘው በጎንደርና በአክሱም በኩል ወደ አስመራ ወጡ። በየመንገዱ ከገበሬው ማሳና ከየገበያው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የጥራጥሬ ዘር ወሰዱ። በአንድ እርሻ ላይ ተደባልቆ የበቀለው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት እጅግ አስገርሟቸዋል፤ ሐምራዊ ቀለም ያለው ስንዴ ከዚህ አገር አግኝተዋል። በዚህም መሠረት ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል መገኛ ሥፍራዎች እንደ አንዷ ቆጠሯት። ከጤፍ፣ ከኑግና ከእንሰት ጎን ቡናም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ያ አስተሳሰብ ትክክል መሆኑ ከጊዜ በኋላ በተግባር ታይቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ የሚያቢጫ የቫይረስ በሽታን ለመከላከል የረዳው የመቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ቫቪሎቭ ራሳቸው ግን መልካም ፍጻሜ አላገኙም። ጥሩ ዘር ለማውጣት ከ10 ዓመት በላይ ሊወስድ እንደሚችል ሲያስረዱ፣ ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው ተቀናቃኛቸው በ2 እና በ3 ዓመት አወጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። የሊሴንኮ ተስፋ መሬት ላይ ፍሬ አልሰጠም፤ ለጊዜው ግን ባለሥልጣኖቹ የወደዱት የእርሱን ነበር። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 ዕፅዋት በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ። ሞት ከተፈረደባቸው በኋላ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እሥራት ተቀየረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በሳራቶቭ እሥር ቤት ተርበው ሞቱ። ረሃብን ለማጥፋት የደከሙ ሰው በረሃብ ሞቱ። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ወቅትም በርካታ የድርጅቱ ሠራተኞች የሩዝና የኦቾሎኒ ዘር በእጃቸው እያለ ሳይነኩት በረሃብ አልቀዋል። ቫቪሎቭ ከክሱ ነፃ የተባሉት በ1955 ሲሆን፣ ድርጅቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የእርሳቸው ትምህርት ወደ ኢሉባቦር የመጣው በችግር ጊዜ ነው። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1922 የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 በኢትዮጵያ ታየ። በሽታው በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር የጎደጎደ ነጥብ ያወጣና ፍሬው ሳይቀላ ያረግፈዋል ወይም ቅርንጫፉ ላይ አድርቆ ያስቀረዋል። ዝናቡ በሚበዛበት ከፍ ባለ ቦታ የአንድን ጓሮ ምርት በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። መድኃኒት መርጨት ደግሞ ለትንሽ ገበሬ የሚቻል ወጪ አይደለም።

በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ያን ጊዜ በሽታው ወደ በረታባቸው ጓሮዎችና ማሳዎች ሄዱ። የሚፈልጉት በታመሙት መካከል ንጹሕ ፍሬ የያዘውን ዛፍ ነበር። በመቱ አውራጃ ቢሻሪ በተባለው ሥፍራ እንዲህ ያሉ እናት ዛፎች ተገኙ። ከፍሬያቸው ችግኝ ተፈልቶ በበሽታው ዘር ተፈተነ። ዛሬ 74110፣ 74112፣ 74148 እና 74165 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። በ1979 ለገበሬው ተለቀቁ። ሥራው 5 ዓመት ብቻ የወሰደው ማዳቀል ስላላስፈለገ ነው። ዋናውን የመምረጥ ሥራ ጫካው፣ የመቱ ገበሬና ዘመን ቀድመው ሠርተውት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቡና አበባ አንድ ነገር መግለጽ ይጠቅማል። በሩሲያ የጓሮ አትክልተኞች የሚወዱት ኦብሌፒካ የተባለ ብርቱካንማ ፍሬ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፤ በአልታይ ምድር ሚካኢል ሊሳቬንኮ የተባሉት ሊቅ ከወንዝ ዳር ዱር አውጥተው ዝርያ መርጠውለታል። የዚያ ተክል ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ስለሆኑ ከዘሩ የሚበቅለው ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የእኛ ቡና ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ከመልካም እናት ዛፍ የተወሰደ ፍሬ ባመዛኙ እናቱን ይመስላል። ገበሬው በራሱ ጓሮ መምረጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መራጩ ዛፉን ማየት ያለበት ምርት በበዛበት ዓመት ብቻ ሳይሆን በሽታ በበረታበት ዓመትም ነው፤ ያኔ ንጹሕ የቆመውን ምልክት ያድርግበት። ለዘር የሚለቀመው ሙሉ በሙሉ የቀላ ፍሬ ሲሆን፣ በእጅ ተፈልፍሎና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ዘር የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ብዙ ወራት ያደረም እንዲሁ ነው። 74110 እና 74112 ቅርንጫፋቸው የተሰበሰበ በመሆኑ ለጠባብ ጓሮ ይስማማሉ፤ ችግኛቸው ግን ከታወቀ ጣቢያ መወሰድ አለበት።

የማኅበር መሪዎች የሚከራከሩበት አንድ ነጥብ አለ፤ የቆየውን ቡና ነቅሎ በሙሉ በተመረጠው መተካት ይበጃል ወይ የሚለው ነው። በሽታ ያጠቃውን ዛፍ መተካት ተገቢ ነው። ጤነኛውን የአባት ቡና ግን አብሮ መንቀል ስሕተት ነው። የፍሬ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ የግድ ዛፉን የሚያደርቀውን በሽታ ይቋቋማል ማለት አይደለም፤ ለዚያ መፍትሔው ገና ከማይታወቅ ጓሮ ሊመጣ ይችላል።

በ2010 ዩኔስኮ የያዩን የቡና ደን በዓለም አቀፍ ደረጃ መዝግቦታል። በጅማ በኩል ጮጬ ላይም ከየክፍለ አገሩ የተሰበሰበ ቡና በማሳ ተተክሎ ይጠበቃል። የቡና ዘር ቫቪሎቭ እንደ ሰበሰቡት ስንዴ ደርቆ በቀዝቃዛ ጎተራ ለብዙ ዘመን አይቆይም። የሚቀመጠው ቆሞ በሚያፈራ ዛፍ ነው።