ፒተር ግሪስ፦ የቢራ ፋብሪካው ኬሚስት
ፒተር ግሪስ እ.ኤ.አ. በ1829 በጀርመን ሄሰን ተወለደ። የዳያዞ ውህዶችን ያገኘው በ1858 ነው። ከ1862 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በእንግሊዝ በርተን ከተማ የኦልሶፕ ቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ነበር፤ ምርምሩን ያካሄደውም ከዚሁ መደበኛ ሥራ ጎን ለጎን መሆኑ ያስደንቃል። በ1879 ናይትራይትን በአሲድ ውስጥ ወደ ዳያዞ ውህድ ለውጦ ቀይ ቀለም በማውጣት፣ በሰው ምራቅ ውስጥ መኖሩን አሳየ። በ1888 ሲያርፍ የደም ሥሮች ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደሚያመነጩ የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህ የታወቀው ከ99 ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ የዚህ ጋዝ ተረፈ ምርቶች በፕላዝማና በሽንት በብዛት የሚለኩት በግሪስ ዘዴ ነው። ሆኖም ቀለሙ የሚያሳየው ናይትራይትን ብቻ ነው፤ በፕላዝማ ውስጥ እጅግ የሚበልጠው ናይትሬት አስቀድሞ በካድሚየም ወይም በኢንዛይም ካልተለወጠ ከልኬቱ ውጭ ይቀራል፤ ሲለወጥ ደግሞ ከምግብ የተገኘውም አብሮ ይቆጠራል።