እርሾ ሕይወት የለውም ያለው የሴሌኒየም አባት

ኦክስጅንን «ኦ»፣ ሃይድሮጅንን «ኤች» ብለን በአጭሩ የምንጽፈው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሐሳቡን ያመጣው ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ የሚባል ስዊድናዊ ነው። ፕሮቲን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው፤ ሴሌኒየምን ያገኘውም እሱ ነው። ይሄ ሁሉ እውቀት የነበረው ሰው ግን ስለ እርሾ ክፉኛ ተሳስቷል።

በርዜሊየስ እ.ኤ.አ. በ1779 በስዊድን ገጠር ተወለደ። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ እናቱም ብዙ አልቆየችም። ያደገው በሌሎች ቤት ነው። ኡፕሳላ ሄዶ ሕክምና ተማረ፤ ልቡ ግን ኬሚስትሪ ላይ ነበር።

በ1817 ግሪፕስሆልም ውስጥ ድርሻ የነበረው አንድ የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ነበር። ከፋሉን ማዕድን ማውጫ የመጣው ድኝ ሲቃጠል ከሥሩ ቀይ አተላ ይቀራል። አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይፈራ ነበር። በርዜሊየስ ሲመረምረው መጀመሪያ ቴሉሪየም መሰለው። ነገሩ ግን አልተዋጠለትም፤ ተመልሶ መረመረ። በ1818 መጀመሪያ ላይ መሳሳቱን አምኖ አዲስ ንጥረ ነገር ነው አለ። ቴሉሪየም የምድርን ስም ስለያዘ፣ ለዚህኛው የጨረቃን የግሪክ ስም ሰጠው፦ ሴሌኒየም።

ከዚያ በኋላ ስሙ ገነነ። የዓለምን የኬሚስትሪ ሥራ እየገመገመ በየዓመቱ የሚያወጣው ዘገባ ትልቅ ተሰሚነት ነበረው። አንዱን ሥራ ከተቸ ያ ሥራ ተጎዳ ማለት ነው።

በ1837 አካባቢ አንድ ፈረንሳዊና ሁለት ጀርመናውያን፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ እርሾን በማይክሮስኮፕ አይተው ሕይወት ያለው ነገር ነው አሉ። ሊጥ ኩፍ ሲል እያየን ላደግን ሰዎች ይሄ ብዙም አይገርምም። በርዜሊየስ ግን አጣጣለው። ለእሱ እርሾ ሕይወት የሌለው ዝቃጭ ነው፤ ሥራውም ካታሊሲስ ነው፤ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሌላውን መለወጥ። ይህን ስም ደግሞ በ1835 ያወጣው ራሱ ነበር። የፋብሪካውን አተላ ሁለቴ የመረመረው ሰው፣ የራሱ ሐሳብ ሲነካበት ያን ያህል አልተጠራጠረም።

በ1848 ሞተ። ከ1857 ጀምሮ ሉዊ ፓስተር እርሾ ሕያው መሆኑን በሥራው አሳየ። በ1897 ደግሞ ኤድዋርድ ቡህነር ከተፈጨ እርሾ የተጨመቀ ፈሳሽ፣ ሕያው ሕዋስ ሳይኖርበት፣ ስኳርን ወደ አልኮል እንደሚቀይር አገኘ። ስለዚህ በርዜሊየስ ስለ ካታሊሲስ ያለው ጨርሶ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ አንዱ እውነት ሌላውን ያስቀራል ብሎ ማሰቡ ነው።

ሴሌኒየምም ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በመርዝነቱ ነበር። በ1957 ክላውስ ሽዋርዝና ካልቪን ፎልትዝ የአይጦችን ጉበት ከጉዳት የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ሴሌኒየም መሆኑን አሳዩ። ወደዚህ ያደረሳቸው መንገድ ደግሞ ከእርሾ የጀመረ ነበር፤ አንዱ ዓይነት እርሾ የአይጦቹን ጉበት ሲጠብቅ ሌላው አልጠበቀም።

ዛሬ ፋብሪካዎች እርሾን ሆን ብለው ሴሌኒየም ይመግቡታል። ሴሌኒየም ከሰልፈር ጋር ስለሚመሳሰል እርሾው ይሳሳትና በሰልፈሩ ቦታ ያስገባዋል። በዚህ መንገድ አብዛኛው ሴሌኖሜቲዮኒን ሆኖ የእርሾው ፕሮቲን ውስጥ ይቀመጣል፤ ይሄኛውን ሰውነታችን በደንብ ይወስደዋል። የሚገርመው፣ እርሾው ራሱ ሴሌኒየም አያስፈልገውም። ከበዛበት ሕዋሱ ይጎዳል፣ እድገቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የሚሰጠው ተመጥኖ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ለእኛም ልኩ ጠባብ ነው። በአሜሪካ ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 55 ማይክሮግራም ሲሆን ከፍተኛው ጣሪያ 400 ነው። ለረጅም ጊዜ ከበዛ ፀጉር ይረግፋል፣ ጥፍር ይሰባበራል። ሴሌኒየም ያለው እንክብል ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን አንብቡ፤ ሐኪምም ጠይቁ።

በርዜሊየስ ያገኘው ሴሌኒየም፣ ስም ያወጣላቸው ፕሮቲንና ካታሊሲስ ዛሬ አንድ ሕዋስ ውስጥ አብረው ይሠራሉ። ሕዋሱም እሱ ሕይወት የለውም ያለው እርሾ ነው።