ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፤ ሹመትና ምስክርነት በነቀምቴ

አንድ መሥሪያ ቤት ጸንቶ የሚቆመው ወይም የሚፈርሰው በአመዛኙ በሁለት ጥያቄዎች ነው። ይኸውም ለሥራው የታጨው ማን ነው፣ ስለ ታጨውስ ሰው የመሰከረው ማን ነው የሚሉት ናቸው። ዛሬ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ ሲሆን፣ መሣሪያዎቹም የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃና የዋስትና ውል ናቸው። ይሁን እንጂ ጥያቄዎቹ ከመሣሪያዎቹ በዕድሜ እጅግ ይቀድማሉ። ነቀምቴን ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያስተዳደሩት የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ኩምሳ የተወለዱት በሌቃ ኦሮሞ መካከል ገናና ሆኖ ከወጣ ቤት ነው። አያታቸው በከሬ ጎዳና የጦር መሪ ሆነው በመነሣት፣ የአካባቢውን ጎሣዎች ከፊሉን በጦር፣ ከፊሉን በስምምነት በአንድ ሥልጣን ሥር አሰባሰቡ። ከዚያ በፊት ሥልጣን በገዳ ሥርዓት መሠረት በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ለኃላፊነት የሚታጨውም ሰው ደረጃ በደረጃ አልፎ፣ ጠባዩና ችሎታው በጉባዔ ፊት ታይቶ ነበር። በከሬ የጀመሩት ለውጥ ግን ይህን የብዙኃን ምስክርነት አስቀርቶ፣ ሹመትን የአንድ ቤተሰብ ሀብት አደረገው። ኩምሳ በኋላ የወረሱት ጥንካሬም ሆነ ድክመት መነሻው እዚህ ላይ ነው።

የበከሬ ልጅ ሞረዳ ግዛቱን በያዙበት ጊዜ የጎጃምና የሸዋ ኃይሎች ከዓባይና ከጊቤ ማዶ ባለው ሀብታም አገር ላይ ይፎካከሩ ነበር። ሞረዳ በመጀመሪያ ለጎጃሙ ራስ ደረሶ ገበሩ። ዳሩ ግን ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በእምባቦ በተደረገው ጦርነት የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ስለማረኩ፣ ሞረዳ ወደ ሸዋ ዞሩ። ሳይዋጉ በመገበራቸውም ግዛታቸው በእጃቸው ቀረ። የደጃዝማችነት ማዕረግም አገኙ። በ1881 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ።

ወጣቱ ገዥ የተረከቡት ኃላፊነት ቀላል አልነበረም። ሌቃ ነቀምቴ ልክ እንደ አባ ጅፋር ጅማና እንደ ጆቴ ቱሉ ቄለም፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ቁርጥ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን ራሱ የሚመራ ግዛት ነበር። ይህ ነፃነት በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚታደስ ውል ያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግብሩ፣ ማለትም ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ማሩ በወቅቱና በልኩ ከገባ ውሉ ይጸናል፤ ከጎደለ ግን ከማዕከል ሹም ይላካል። በአጎራባች የወለጋ ወረዳዎች ከሸዋ የመጡ ሹማምንት ከነወታደሮቻቸው ተቀምጠው ስለነበር፣ ኩምሳ ይህን ዕጣ በቅርብ የሚያዩት ጉዳይ ነበር። ቄለምም ውሎ አድሮ የራስ አስተዳደሯን አጥታ ከማዕከል በተላከ ገዥ ሥር ወደቀች። ነቀምቴ ግን ኩምሳ እስከሞቱ ድረስ በቤቱ እጅ ቆየች።

ለዚህ ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ለጽሑፍ የሰጡት ክብር ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ግቢና ከልዩ ልዩ ሹማምንት የሚመጡት ደብዳቤዎች ስለ ግብር፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ንግድና ስለ ክርክር የሚናገሩ ሲሆኑ፣ በነቀምቴው ቤተ መንግሥት ተጠብቀው ቆይተዋል። ያ ዘመን አብዛኛው ጉዳይ በቃልና በመልእክተኛ የሚፈጸምበት ስለነበር፣ እንዲህ ያለው የሰነድ ክምችት በክፍለ ሀገር ደረጃ ብርቅ ነው። የወጣውንና የገባውን በጽሑፍ የያዘ ገዥ፣ ጎደለ ሲባል የሚያቀርበው ማስረጃ፣ ተጠራጠርን ሲሉት የሚጠራው ምስክር አለው። ሰነዶቹ በኋላ በአለሳንድሮ ትሩልዚና በተሰማ ታዓ ተሰናድተው በእንግሊዝኛ አቆጣጠር በ2004 በአዲስ አበባ በመታተማቸው፣ ዛሬ ለወለጋ ታሪክ ጥናት ዋና ምንጭ ሆነዋል።

የኩምሳን የሰው አመራረጥ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን የኦነሲሞስ ነሲብ ጉዳይ ነው። ኦነሲሞስ በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው፣ ምጽዋ ላይ ነፃ ከወጡ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። እንደ እርሳቸው ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር በመተባበርም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1891 ዓ.ም. እንዲታተም አድርገዋል። በ1896 ዓ.ም. ገደማ ወደ ነቀምቴ ሲመጡ የሚያቀርቡት የዘር ሐረግም ሆነ የመሬት ሀብት አልነበራቸውም፤ ማስረጃቸው የሠሩት ሥራ ብቻ ነበር። ደጃዝማች ኩምሳ ግን ተቀብለው አስተናገዷቸው። ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ ሕፃናት በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ መማር ጀመሩ።

ይህ ድጋፍ ዋጋ የሚያስከፍል ነበር። የአካባቢው ካህናት ኦነሲሞስን በሃይማኖት ነቀፋ ከሰሷቸው። በ1898 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ቢፈቅዱም እንዳይሰብኩ ከለከሏቸው። ሙሉ ፈቃድ ያገኙት በ1908 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መምህሩ በሚያስተምሩባት ከተማ ላይ ሥልጣን የነበራቸው ደጃዝማች ኩምሳ ናቸው። በየዓመቱ የማዕከሉን አመኔታ ለሚሻ ገዥ፣ የተከሰሰን ሰው በግዛቱ ማስቀመጥ የራሱን ስም በዋስትና እንደማስያዝ ነው። ስለ ሰው መመስከር ማለትም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ መስካሪው የማያወጣበት ምስክርነት ለተመስካሪውም የሚፈይደው እምብዛም ነው።

ሆኖም የኩምሳን አስተዳደር በሙሉ በዚህ አንድ ሥራ መለካት ሚዛንን ያዛባል። የወረዳ ሹመት በአብዛኛው ለቤቱ ዘመዶችና ለታመኑ ባላባቶች የሚሰጥ ሲሆን፣ ከእነርሱ በታች ያሉት ቆሮዎች ደግሞ ግብሩን ከገበሬው የሚያሰባስቡ ነበሩ። ከማዕከል የሚጠየቀው ሁሉ፣ ለገዥው ቤት የሚያስፈልገውም ተጨምሮበት፣ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። የባሪያ ንግድም በዚያ ዘመን በአካባቢው አልቆመም ነበር። ወደ ላይ ለማዕከሉ በጽሑፍ የሚመልሰው ቤት፣ ወደ ታች ለገበሬው መልስ የሚሰጥበት ደንብ አልነበረውም። አንድ ቆሮ በመጥፎ ሥራው ቢታማ፣ አቤቱታው የሚሄደው ሹሙን በሾመው በዚያው ቤተሰብ ዘንድ ነበር።

ደጃዝማች ኩምሳ በ1910ዎቹ አጋማሽ ሲያርፉ ልጃቸው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተተኩ። ሀብተ ማርያምም በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘበት ወቅት፣ የምዕራብ ባላባቶች አገራቸው በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት እንዲጠበቅ ላቀረቡት ጥያቄ ግንባር ቀደም መሪ ሆኑ። ጥያቄው ግን ሳይሳካ ቀረ። እርሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ በኢጣልያ ወረራ ዘመን አረፉ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ገዥዎች በደመወዝ የሚተዳደሩ የመንግሥት ሹማምንት እንዲሆኑ ሲያደርግ፣ ከበከሬ የጀመረው የቤተሰብ አስተዳደር አከተመ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ዕድገት በወጥ ደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለዛሬው የሠራተኛ አስተዳደር ባለሙያ፣ በነቀምቴም ይሁን በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ይሁን በነጆ ለሚሠራው፣ ሁለት ቁም ነገሮች ይተርፋሉ። አንደኛው፣ ሰውን ስንደግፍ መነሻችን የሠራው ሥራ ሊሆን እንደሚገባ ነው፤ የኦነሲሞስ መጽሐፍ ከማንኛውም የዘር ሐረግ ይበልጥ የሚናገር ነበር። ሁለተኛው፣ የአንድ ታማኝ ሰው ምስክርነት ምንም ያህል ክቡር ቢሆን በደንብና በመዝገብ ካልተደገፈ ከባለቤቱ ጋር የሚቀበር መሆኑ ነው። ደጃዝማች ኩምሳ የማዕከሉን ደብዳቤዎች በጥንቃቄ ጠብቀው አልፈዋል። ቆሮው ስለ ምን እንደተሾመና ስለ ምን እንደተሻረ ግን ገበሬው ቀርቦ የሚያነበው መዝገብ አልነበረውም። ይህን መዝገብ ማሟላትና ለባለጉዳዩ ክፍት ማድረግ ከእርሳቸው በኋላ ለመጣው ትውልድ የቀረ ሥራ ነው።