ቦልትስማንና ወደ ኋላ የሚሄደው ቅንጣት

የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ ቦልትስማንን የሚያውቀው ኬ በምትባለው ቋሚ ቁጥር ነው። ሰውየው ግን ከቁጥሯ ይበልጥ ይገርማል።

ሉድቪግ ቦልትስማን እ.ኤ.አ. በ1844 ቪየና ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የግብር ሠራተኛ የነበሩት አባቱ በ15 ዓመቱ ሞቱበት። በ25 ዓመቱ ግን ግራትስ ላይ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1872 ጋዝ ለምን ወደ ሚዛን ሁኔታ እንደሚሄድ ከሞሌኪውሎች ግጭት ተነስቶ በሒሳብ አሳየ። ወዳጁ ሎሽሚት በ1876 ከባድ ጥያቄ አነሳበት፦ የሞሌኪውሎቹ ፍጥነት ሁሉ አቅጣጫው ቢገለበጥ የኒውተን ሕግ አይከለክልም፤ ታዲያ ኢንትሮፒ ለምን አይቀንስም? ቦልትስማን ጥያቄውን አልሸሸም። በ1877 የሰጠው መልስ ባጭሩ፣ ሊቀንስማ ይችላል፣ ዕድሉ ግን እጅግ ትንሽ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ በዚህ ከቁርጥ ትእዛዝ ወደ ዕድል ስሌት ወረደ።

ይህን ለክቶ ማሳየት በዘመኑ አልተቻለም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያሉት ሞሌኪውሎች በጣም ስለሚበዙ ወደ ኋላ መመለሱ አይታይም። ጭራሽ ማኽና ኦስትዋልድ አቶም መኖሩንም አልተቀበሉም ነበር። ቦልትስማን በክርክር ብርቱ፣ ውስጡ ግን የታወከ ሰው ነበር፤ ከግራትስ ሙኒክ፣ ከዚያ ቪየና፣ ከዚያ ላይፕዚግ፣ እንደገና ቪየና። በ1905 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ድረስ ሄዶ አስተማረ። በቀጣዩ ዓመት ትሪየስቴ አጠገብ ባለችው ዱዊኖ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ክርክሩ ገደለው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ነገሩን ማቅለል ይመስለኛል፣ ሕመሙ የቆየ ነበርና። የሚያስቆጨው፣ ፔራን የአቶምን መኖር በሙከራ ማስረገጥ የጀመረው በ1908 መሆኑ ነው።

የዕድሉ ልኬት ደግሞ ከዚያም ዘገየ። በ2002 ካንቤራ ያሉ ተመራማሪዎች ውሃ ውስጥ ያለች ጥቂት ማይክሮሜትር የምታክል ቅንጣት በሌዘር ይዘው ጎተቱ። አብዛኛውን ጊዜ ቅንጣቷ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ሥራውም ሙቀት ሆኖ ይባክናል። አንዳንዴ ግን ውሃው ራሱ ወደፊት ይገፋታል፤ ኢንትሮፒ ለአፍታ ይቀንሳል!

በዚያው ዓመት በርክሌይ ውስጥ (ያቺው እሱ ያስተማረባት) አንድ የአር.ኤን.ኤ. ሞሌኪውል ደጋግመው እየዘረጉ ጃርዚንስኪ በ1997 ያወጣውን ቀመር ፈተሹ። ሞሌኪውሉ በፍጥነት ሲዘረጋ ከሚዛን ይርቃል፣ የሚፈጀው ሥራም በየሙከራው ይለያያል። ተራ አማካዩ ከነፃ ኢነርጂው ለውጥ ይበልጣል። እያንዳንዱ ሥራ ለኬና ለሙቀት መጠኑ ብዜት ተካፍሎ፣ በኔጌቲቭ ኤክስፖኔንሺያል ገብቶ አማካዩ ሲወሰድ ግን ትክክለኛው ለውጥ ይወጣል። ሒሳቡን የሚያቃኑት እነዚያ ትንሽ ሥራ የፈጁ ብርቅ ሙከራዎች ናቸው፤ ቦልትስማን ለሎሽሚት ያላቸው ዓይነት።

ቪየና ያለው መቃብሩ ላይ የኢንትሮፒ ቀመሩ ተቀርጿል። በዚያ መልክ የጻፈው ግን ማክስ ፕላንክ ነው፤ ኬንም በ1900 ዋጋ የሰጣት እሱ ነው።