ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ ስለ ክርስቶስ ከማወቅ ክርስቶስን ወደ ማፍቀር

ትምህርተ ክርስቶስን በቃላችን አጥንተን፣ ጸሎቱንና ሥርዓቱን ጠንቅቀን እያወቅን፣ እግዚአብሔርን ግን እንደ አባትና እንደ ወዳጅ ሳናነጋግረው ዘመናችንን ልንፈጽም እንችላለን። ይህ አደጋ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋው ሌላውን የሚያስተምረውን ነው። ስለዚህም በሮቤ፣ በጎባና በባሌ ደጋ ለምትገኙ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የአገራችንን ልጅ፣ የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት በዚህ እትም ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

እውነትን የፈለጉ መነኩሴ

አባ ገብረ ሚካኤል በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አካባቢ፣ ዲቦ በተባለች ስፍራ በ1791 ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በቀረችው ዓይን ግን መጻሕፍትን ያለ ድካም መረመሩ። በመርጡለ ማርያም ገዳም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው በዚያው መነኰሱ።

ይሁን እንጂ ልባቸው ዕረፍት አላገኘም። በጥንት አባቶች መጻሕፍት የተጻፈው የምንኩስና ሕይወትና በዓይናቸው የሚያዩት ኑሮ አልገጠመላቸውም። የዚህን ምክንያት ለማግኘት ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋወሩ፤ መጻሕፍትን ፈለጉ፤ ሊቃውንትን ጠየቁ። ወደ ጎንደርም ደረሱ። በዚያ ዘመን የጎንደር ሊቃውንት ተዋሕዶ፣ ቅባትና ጸጋ በሚባሉ ወገኖች ተከፍለው ስለ ክርስቶስ ባሕርይና ስለ መቀባቱ ይከራከሩ ነበር። ነገሩ ከባድና የከበረ ነው፤ የጌታችንን ማንነት የሚመለከት ነውና። ነገር ግን ስለ ፍቅር አምላክ የሚደረገው ክርክር ራሱ ወንድምን ከወንድም ሲለያይ ማየት እውነትን ለሚፈልግ ሰው ምንኛ የሚያስጨንቅ ነው! አባ ገብረ ሚካኤል እውቀትን ከብዙዎች ይልቅ አግኝተው ነበር፤ ፍለጋቸው ግን አላበቃም።

በመንገድ የተገኘ ወዳጅ

በ1839 ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ፣ በአገራችን አባ ያዕቆብ የተባሉት፣ የሐዋርያዊ ፕሪፌክቱራ አለቃ ሆነው ዓድዋ ገቡ። በ1840 መጀመሪያ በዚያ ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ባደረጉት ንግግር የክርክር ነገር አላነሡም። ስለ ኢትዮጵያውያን ፍቅር ሲሉ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው እንደ መጡ፣ ሕይወታቸውንም ለመስጠት ዝግጁ እንደ ሆኑ ገለጡላቸው። አኗኗራቸውም እንደ አገሩ መነኮሳት በጾምና በጸሎት የተጠመደ ነበር።

በ1841 የትግራይና የስሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ፣ አባ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። አባ ገብረ ሚካኤልም ከተጓዦቹ አንዱ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ይህን ፈረንጅ ካህን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ጉዞው ግን ረጅም ነበር። ከካይሮ በኋላ ሮም ደረሱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። በዚህ ሁሉ መንገድ ሊቁ መነኩሴ አብሯቸው የሚበላውንና የሚጸልየውን ሰው ትሕትና በቅርብ አዩ።

ያም ሆኖ ወዲያው አልወሰኑም። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ዳግመኛ መረመሩ፤ ጠየቁ፤ ጸለዩ። በ1844 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ኅብረት ሲገቡ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ስመ ጥር መምህር ሳሉ፣ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ሰው እግር ሥር እንደ ተማሪ ተቀመጡ። እግዚአብሔርን የሚወድ ሰው ከማንም ቢሆን መማር አያፍርምና።

ከዚያም በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ በተቋቋመው ቤት የወደፊት ካህናትን አስተማሩ። ከአባ ያዕቆብ ጋር የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራም ደከሙበት። በ1849 ለኦሮሞ ሕዝብ የተላኩት የካፑቺን ማኅበር ጳጳስ አቡነ ማስያስ፣ አባ ያዕቆብን በምጽዋ በጵጵስና ቀቧቸው። እርሳቸውም በተራቸው አባ ገብረ ሚካኤልን በ1851 ቅስና ሾሟቸው። አዲሱ ካህን የ60 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ።

መጻሕፍት በሌሉበት

በ1854 በጎንደር ስደት ተነሣ። አቡነ ያዕቆብ ተይዘው ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ አባ ገብረ ሚካኤልም ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ታሰሩ። እግራቸው በግንድ ተጠረቀ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲተዉ ተገረፉ። በ1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ዘመቻ ሲወጡ፣ እኒህን አዛውንት በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር አስከተሏቸው። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ለፍርድ ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመነላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያነበቧቸው መጻሕፍት ከእጃቸው ርቀዋል። መምህራቸው በስደት ላይ ናቸው። ተማሪ የላቸውም። አንዲት ቃል ቢናገሩ ሰንሰለቱ ሊፈታላቸው ይችል ነበር። ሰው ለክርክር አሸናፊነት ብሎ ይህን ያህል ሊታገሥ አይችልም፤ የሚወደውን ላለመካድ ግን ይታገሣል። በ1855 ክረምት፣ በወሎ ዘመቻ ጉዞ ላይ ኃይላቸው አለቀና በሰንሰለታቸው ሳሉ ዐረፉ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ፈትተው ከዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፁዕና ሰማዕት ብለው አወጁላቸው።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ይህን ሕይወት የምናስታውሰው የጥንቱን ጠብ ለማደስ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤልን ያሳደገቻቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ናት፤ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህም ወንድሞቻችንን በአክብሮትና በፍቅር እንድንቀርብ ተምረናል። የምናስታውሰው የልብን መንገድ ለመማር ነው።

የእኛ የሮቤ ፕሪፌክቱራ ከመቂ ቪካሪያት ተለይቶ የቆመው በ2012 ነው። ጥቂቶች ነን፤ ቤቶቻችንም ይራራቃሉ። በገብስና በስንዴ ማሳ መካከል ብዙ መንገድ ሄዶ ሕፃናትን በኦሮምኛና በአማርኛ የሚያስተምር ካቴኪስት፣ ቅዳሴ ሳያገኝ የሚሰነብትበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። በዚያን ጊዜ እምነቱን የሚያቆየው ከጌታው ጋር ያለው የግል ወዳጅነት ነው። ይህም ወዳጅነት እንደ ማንኛውም ወዳጅነት ጊዜ ይፈልጋል። ለማስተማር ከመውጣታችን በፊት የዕለቱን ወንጌል ለራሳችን እናንብብ። ከእርሱም በኋላ ጥቂት ዝም ብለን በልባችን ያለውን፣ ድካማችንንም ሳይቀር፣ ለጌታ በራሳችን ቃል እንንገረው። ማታ ቀኑን እያሰብን እናመስግን፤ የበደልነውንም እንመን። ቅዱስ ቁርባንና ንስሓ በተገኙ ጊዜ እንደ ልማድ ሳይሆን ወዳጃችንን እንደምናገኝ ሆነን እንቅረብ። የከበደንን የጎረቤት ነገር በፍቅር መሸከምም ከዚሁ ወዳጅነት የሚወለድ ፍሬ ነው። በልጆቻችን ጆሮ የሚገባው ቃላችን ቢሆንም፣ በልባቸው የሚቀረው ያስተማርናቸውን አምላክ እንደምንወደው ማየታቸው ነውና።

በብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት፣ የምናውቀውን ጌታ እንድንወደው፣ የምንወደውንም እስከ መጨረሻ እንዳንለየው እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።